ኤምሬትስን በአንድ ሳምንት፦ ስለ ባህሩ፣ ስለ ተራራውና ስለ በረሃው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የምትመጡም፣ እዚሁ እየሰራችሁ ፈቃድ የወጣላችሁም ሁሌ የምትጠይቋቸውን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

አንድ ሳምንት ይበቃል ወይ?

ይበቃል፣ ሀገሩ እኮ ትንሽ ነው። ከዱባይ አቡዳቢ 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አል አይንም ከዛ ብዙ አይለይም፣ ራስ አል ኸይማ ደሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መንገዱ በሙሉ አስፋልት ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ ብዙም አይገጥማችሁም። ከሰባቱ ኤምሬቶች ስድስቱ በአረብ ባህረ ሰላጤ በኩል ተደርድረዋል፣ ፉጀይራ ብቻዋን ከተራራው ጀርባ በኦማን ባህረ ሰላጤ ላይ ነች። ስለዚህ በሰባት ቀን ሁለት ባህር፣ ሀጀር የሚባለውን የተራራ ሰንሰለትና በረሃውን ማየት ይቻላል።

የማይበቃው ሳምንቱን ሙሉ ሞል ለሞል ለሚዞር ሰው ነው። ዱባይ ደርሶ ተመልሶ ከዴይራ (የድሮው የዱባይ ገበያ ሰፈር) እና ከዱባይ ሞል ውጪ ምንም ያላየ ስንት ሰው አለ፣ እኔን በጣም ነው የሚቆጨኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ብትሰሙኝ ይሄን ስሙኝ፦ ለዱባይ ሁለት ቀን ስጡና የቀረውን ከከተማ ውጡበት።

በየትኛው ወር ብንመጣ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ያለው ነው ምርጡ። ቀን ላይ ሞቅ ይላል፣ ማታ በረሃና ተራራ ላይ ደሞ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያምንም ግን በርዷቸው ብርድ ልብስ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ባህሩ ራሱ ይሞቃል። በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ማሰራት በህግ የተከለከለ ነው፣ ከዚህ በላይ ስለሙቀቱ መናገር አያስፈልግም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው በክረምት ካልሆነ የማይመቻችሁ ከሆነ ጠዋት በማለዳና ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ብቻ ውጡ፣ መሃሉን ሙዚየም ውስጥ አሳልፉት።

ረመዳን ላይ መምጣትም ይቻላል። ቀን ላይ በአደባባይ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ነውር ነው፣ አንዳንድ ቦታ የመግቢያ ሰዓት ያጥራል፣ ማታ ግን ከተማው ሌላ ድምቀት አለው። ዲሴምበር 2 ደሞ የሀገሪቱ የምስረታ በዓል ነው (የተመሰረተችው በ1971 ነው)፣ ያን ሰሞን ሆቴል ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ዋጋው አይቀመስም።

ቪዛው እንዴት ነው?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛው ቀድሞ መውጣት አለበት፣ ኤርፖርት ደርሶ የሚሰጥ አይደለም። በአየር መንገዱ፣ በሆቴል፣ በጉዞ ወኪል ወይም እዚህ ነዋሪ በሆነ ዘመድ በኩል ይወጣል፣ የተለመዱት የ30 እና የ60 ቀን ናቸው። ቪዛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ ነው ወይስ ተደጋጋሚ የሚለውን አንብቡ፣ መጨረሻው ጥያቄ ላይ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ። የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሆቴል ቡኪንግ ወይም የሚቀበላችሁን ሰው አድራሻ ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ፣ ሊጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደው ቀን ላለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠራል።

አንድ ነገር አደራ፦ "በጉብኝት ቪዛ ግባና ስራ አገኝልሃለሁ" ለሚል ሰው ብር እንዳትሰጡ። በጉብኝት ቪዛ መስራት ህገወጥ ነው፣ ችግር ሲመጣ ደላላው ስልኩን ይዘጋል፣ የሚቀጣው የመጣው ሰው ነው።

ገንዘብ ስንት ይበቃል?

ይሄ በሆቴሉ ነው የሚወሰነው። ድርሃም ከዶላር ጋር የተሰፋ ነው (አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም አካባቢ፣ ከ1997 ጀምሮ አልተለወጠም) ስለዚህ በዶላር ካሰባችሁ ሂሳቡ ቀላል ነው። አውቶብስና ሜትሮ ርካሽ ነው፣ ምግብ ዴይራና ከራማ በሚባሉት የዱባይ ሰፈሮች ውስጥ በመጠኑ ይገኛል፣ ኪስ የሚጎዱት የቡርጅ ኸሊፋ ትኬት፣ ዚፕላይን (ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) እና መኪና ኪራይ ናቸው።

ደግነቱ ከምርጦቹ ብዙዎቹ በነፃ ናቸው፦ የአቡዳቢው ሼኽ ዛይድ መስጊድ ነፃ፣ የአል አይን የቴምር ደን ነፃ፣ የዱባዩ ካይት ቢች ነፃ፣ ተራራ መውጣት ነፃ። በየዕቃው ላይ 5 ፐርሰንት ቫት አለ፣ ቱሪስት ከሆናችሁ ግን ከ250 ድርሃም በላይ ስትገዙ ሱቁን "ታክስ ፍሪ" በሉት፣ ስትወጡ ኤርፖርት ላይ አብዛኛው ይመለስላችኋል።

ሰባቱን ቀን እንዴት እናከፋፍለው?

ዋናው ነገር ያለፋችሁበትን መንገድ መልሳችሁ አለመሄድ ነው፣ ማለትም ክብ ዙሩ። መጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዱባይ፣ አንዱን ለድሮው ከተማና ለክሪኩ (ከተማው መሃል ለሚገባው የባህር ሰርጥ) ሌላውን ለአዲሱ ከተማና ለባህር ዳርቻው። ሶስተኛው ቀን በማለዳ ወደ አቡዳቢ፣ ጠዋት መስጊዱ ከሰዓት ሉቭር ሙዚየም (ሰኞ ዝግ ነው፣ ስንቱ እንደተመለሰ)፣ ማታውኑ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ አል አይን እደሩ። አራተኛው ቀን አል አይን፦ ጠዋት የቴምሩ ደን፣ ከዛ በ1890ዎቹ የተሰራው አል ጃሂሊ ምሽግ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀበል ሀፊት (ጀበል ተራራ ማለት ነው) አናት ላይ።

አምስተኛው ቀን ከአል አይን ወደ ሰሜን ወጥታችሁ ምሌይሃ ወይም ላህባብ በረሃ፣ ማታውን እዛው አሸዋው ላይ። ስድስተኛው ቀን ተራራውን በዋሻዎቹ አቋርጣችሁ ኾር ፋካንና ፉጀይራ ባህር ላይ። ሰባተኛው ቀን ከዲባ ተነስታችሁ በጠወይን በኩል ተራራ ለተራራ ወደ ራስ አል ኸይማ፣ ጀበል ጃይስ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ማታ ዱባይ ኤርፖርት። በረራው እኩለ ሌሊት አካባቢ ከሆነ በደንብ ይደርሳል፣ ቀደም ካለ ግን ጃይስን ተዉት፣ ተራራ ላይ ሆኖ ሰዓት ማየት ምንም ደስ አይልም።

አቅመ ደካማ ወይም ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሆቴል በየቀኑ መቀየሩ ይከብዳል፣ ያኔ አምስት ሌሊት ዴይራ፣ የመጨረሻዎቹን ፉጀይራ ወይም ራስ አል ኸይማ ብትሉ ይሻላል። ሌላ ሳትረሱ፦ የሁሉም ትኬት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 17:00 የሚለው የኛ 11 ሰዓት ነው፣ የነሱ ሰዓት ደሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ሁለቱ ተደራርበው ብዙ ሰው ያሳስታሉ።

መኪና የለንም፣ በአውቶብስ ይቻላል?

ከሞላ ጎደል ይቻላል። መጀመሪያ ኖል የምትባለዋን ካርድ ሜትሮ ጣቢያ ግዙ፣ ሲልቨሩ 25 ድርሃም ሆኖ 19ኙ ውስጡ ሂሳብ ነው። በሷ ሜትሮም፣ የከተማ አውቶብስም፣ ከከተማ ውጪ የሚሄደውም ይከፈላል። ከአል ጉበይባ ጣቢያ ኢ100 አቡዳቢ ይወስዳል፣ ኢ201 አል አይን፣ ከዩኒየን ደሞ ኢ700 ፉጀይራ፣ ዋጋቸው በ25 ድርሃም አካባቢ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሂሳብ ሙሉበት ምክንያቱም ሹፌሩ ካሽ አይቀበልም። ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ ውሃ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ እንኳን ያስቀጣል፣ የሴቶችና የልጆች ፉርጎ ወለሉ ላይ በሮዝ መስመር ተለይቷል፣ ወንዶች እሷን ተጠንቀቁ።

በአውቶብስ የሚያስቸግሩት ጀበል ጃይስ አናት፣ ጀበል ሀፊትና በረሃው ናቸው። ለበረሃው ሳፋሪ ድርጅቶቹ ራሳቸው ከሆቴል ይወስዷችኋል። ለተራራው አራትና አምስት ሆናችሁ ሹፌር ያለው መኪና ለአንድ ቀን ብትይዙ ሲካፈል አይከብድም።

ዱባይ ውስጥ ምን ሳናይ መሄድ የለብንም?

ቡርጅ ኸሊፋ (828 ሜትር፣ በ2010 ነው የተከፈተው) ከታችም ያምራል፣ መውጣት ግዴታ አይደለም፣ ከወጣችሁ ግን ትኬቱን ኦንላይን ቀድማችሁ ያዙ፣ ፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ዋጋው ይጨምራል።

እኔ ግን የምለምናችሁ ክሪኩን እንዳትዘሉ ነው። ከዴይራ የቅመም ገበያ ወጥታችሁ ወደ ውሃው ስትወርዱ አብራ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንድ ድርሃም ለሹፌሩ በእጁ ትሰጣላችሁ፣ ግራና ቀኝ ሳይሆን መሃል ላይ ጀርባ ለጀርባ ትቀመጣላችሁ፣ አጠገባችሁ ከስራ የሚመለስ ባንግላዴሻዊ፣ ከገበያ የመጣች ፊሊፒናዊት፣ ደቂቃዎች ሳይሞሉ ቡር ዱባይ ናችሁ። ዱባይ ዘይት ሳይኖር በእንቁና በንግድ የቆመችው እዚህ ውሃ ላይ ነው፣ ዛሬም ወደ ኢራንና ወደ ሌላ ሀገር ዕቃ የሚጭኑ የእንጨት መርከቦች ዳር ላይ ታያላችሁ፣ ፍሪጅና ጎማ ተቆልሎባቸው። ከዛ ወዲያ በእግር አል ፋሂዲ የድሮ ሰፈር ግቡ፣ ንፋስ የሚስበውን ማማ ያላቸው ቤቶች እሱ ጋር ናቸው።

ክርስቲያን ሼኽ ዛይድ መስጊድ መግባት ይችላል?

አዎ፣ ማንም ይገባል፣ በነፃ ነው፣ ግን በድረ ገፃቸው ቀንና ሰዓት መያዝ አለባችሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ያን ሰዓት አትምረጡ። ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊና የማያሳይ ልብስ፣ እጅጌው ረጅም፣ ፀጉር የሚሸፍን ሻርፕ (ስስ ነጠላ ብቻ አያስተማምንም፣ ወፈር ያለ ያዙ)፣ ወንዶችም ቁምጣ አይሆንም። ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ እሱን እኛ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም እናውቀዋለን።

82 ጉልላት አለው፣ ዋናው አዳራሽ ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ በእጅ የተሰራ ሆኖ 5,627 ካሬ ሜትር ነው። ከሰዓት አመሻሽ ላይ ግቡና መብራቱ እስኪበራ ጠብቁ፣ ነጩ እብነ በረድ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ማየት ራሱ ጉዞውን ያዋጣል፣ ጠዋት ካልሆነ የማይመቻችሁ ከሆነም አይቆጫችሁም።

የትኛው በረሃ ይሻላል፣ ሳፋሪውስ ያስፈራል?

ብዙዎቹ የከሰዓት ሳፋሪዎች የሚሄዱት ላህባብ ነው፣ ቀይ አሸዋ ያለው፣ ከዱባይ ሀታ ወደምትባለው የተራራ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ። አስፋልቱ ሲያልቅ ሹፌሩ ይቆምና ከጎማው ንፋስ ያስተነፍሳል፣ ጎማው ሲለሰልስ አሸዋውን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ አለበለዚያ ይሰምጣል። ከዛ ወደላይ ወደታች ነው። ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ወይም የአንገት ህመም ያለበት፣ ህፃን የያዘ ሰው ይሄን ክፍል ይዝለል፣ ድርጅቱን "ያለ አሸዋ ዝላይ ወደ ካምፑ ውሰዱን" ብትሉት ይወስዳችኋል። ምሳ ከባድ አትብሉ፣ ያስመልሳል።

ትልቁን በረሃ የሚወድ ሰው ሊዋ ይሂድ፣ ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ሰፊ በረሃ ጫፍ ላይ ነው፣ ሞሪብ የሚባለው የአሸዋ ተራራ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ግን ከአቡዳቢም ሩቅ ስለሆነ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ይበላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም። እኔ ምሌይሃን ነው የምመርጠው፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ሙዚየም አለው፣ አጠገቡ ያለው ፋያ ተራራ ስር 125,000 ዓመት አካባቢ የሆናቸው የድንጋይ መሳሪያዎች ተገኝተዋል። ያገኟቸው ተመራማሪዎች መሳሪያዎቹ ከምስራቅ አፍሪካዎቹ ጋር እንደሚመሳሰሉ፣ ሰዎቹም ከኛ አካባቢ ቀይ ባህርን ተሻግረው የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ፅፈዋል። በ2025 ዩኔስኮ ፋያን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው እዛ አሸዋ ላይ መቆም ሌላ ትርጉም አለው ብዬ ነው የማምነው።

እኛ ራስ ዳሸን ያለን ሰዎች የነሱን ተራራ ምን ብለን እናያለን?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጀበል ጃይስ 1,934 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ራሷ ከሱ በላይ ነች፣ ስለዚህ በከፍታ ካወዳደራችሁት አትሂዱ። ግን ሌላ ዓይነት ተራራ ነው። ሳር የለ፣ ዛፍ የለ፣ እርሻ የለ፣ ንብርብሩ ድንጋይ ብቻውን ነው የቆመው፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የድንጋዩ ቀለም ከቡኒ ወደ ግራጫ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ከታች ካለው ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ይቀንሳል። 2.83 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዚፕላይን አለው፣ በ2018 ሲከፈት በዓለም ረጅሙ ተብሎ ተመዝግቧል፣ የክብደት ገደብ ስላለው ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከዝናብ በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ጠዋት ሳትነሱ ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ጀበል ሀፊት ደሞ አል አይን አጠገብ ብቻውን የቆመ ነው፣ መንገዱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ አናቱ ድረስ በመኪና ይገባል፣ ከስሩ ሙባዘራ የሚባል ፍል ውሃ ያለው አረንጓዴ ሜዳ አለ፣ ቤተሰብ ይወደዋል። አንዱን ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ፣ ጊዜ ላለው ጃይስ፣ ከልጆች ጋር ሀፊት።

አል አይን ምን አለ? ለምን አንድ ሙሉ ቀን?

ውሃው ስላለ። ከተማው መሃል ያለው የቴምር ደን ከ147,000 በላይ ዛፍ አለው፣ ውሃ የሚያገኘው ፈለጅ በሚባለው የጥንት ዘዴ ነው፣ ከርቀት ከከርሰ ምድር በተቆፈረ ቦይ ያለ ምንም ሞተር በራሱ ቁልቁለት እየፈሰሰ ይመጣል። ደኑ ውስጥ በጭቃ ግንቦቹ መሃል ስትሄዱ ከእግራችሁ አጠገብ ጠባብ ቦይ ታያላችሁ፣ መገንጠያው ላይ ትንሽ መዝጊያ አለው፣ እሱ ተነስቶ ሲከፈት ውሃው ወደ አንዱ ማሳ ይዞራል፣ ተራው ሲያልቅ ይዘጋና ወደሚቀጥለው። ተራውን የሚያከፋፍል ሰው አለ፣ ልክ እንደኛ ሀገር የውሃ አባት። ዩኔስኮ አል አይንን በ2011 የመዘገበው አንድም በዚህ ነው።

ውጪ 35 ዲግሪ ሆኖ ደኑ ውስጥ ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ከሀገሩ ካየሁት ሁሉ የምወደው ቦታ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ስሙን እንኳን አያውቀውም።

ባህሩ የትኛው ይሻላል፣ የዱባይ ወይስ የፉጀይራ?

የዱባይ በኩሉ ጥልቀት የለውም፣ ባህረ ሰላጤው ራሱ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ይረጋጋል፣ ቶሎም ይሞቃል። ለልጆች ጥሩ ነው። የፉጀይራው ወደ ህንድ ውቅያኖስ የተከፈተ ስለሆነ ማዕበል አለው፣ ውሃው የጠራ ነው፣ አል አቃ አጠገብ ስኑፒ ደሴት የሚሏት ድንጋይ ዙሪያ መነፅር አድርጎ ዓሳና አንዳንዴም የባህር ኤሊ ማየት ይቻላል። እዛው መንገድ ላይ አል ቢድያ መስጊድ አለ፣ በሀገሪቱ ካሉት ጥንታዊው ነው የሚባለው፣ ትንሽዬ፣ አራት ጉልላቱን መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ብቻ የተሸከመው።

ብዙዎቻችን ባህር አጠገብ አላደግንም፣ ስለዚህ ሳላፍር ልንገራችሁ፦ ቀይ ባንዲራ ካያችሁ እግራችሁን እንኳን አታስገቡ፣ ጠባቂ በሌለበት አትዋኙ፣ ልጅ በዓይን ብቻ አይጠበቅም በእጅ ነው።

ፆም ላይ ነን፣ ምን እንበላለን?

በዚህ በኩል አትቸገሩም። ዴይራ ውስጥ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች አሉ፣ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ይገኛል። ከራማና ቡር ዱባይ የህንድ ቬጅ ቤቶች ሞልተዋል፣ ግን እነሱ ቬጅ ሲሉ ወተትና ቅቤ ይጨምራል፣ "ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ" ብላችሁ አስረዱ። የትም ቦታ ፈላፍል፣ ሁሙስ፣ ፉል አለ። ተራራና በረሃ ስትወጡ ግን እንጀራና ሽሮ ከዴይራ አስጠቅልላችሁ ያዙ፣ የካምፑ እራት በአብዛኛው ስጋ ነው። ምሌይሃ፣ ኾር ፋካንና ከልባ በሻርጃ ስር ናቸው፣ ሻርጃ ውስጥ አልኮል ጭራሽ አይፈቀድም።

የቤት ሰራተኛ ነኝ፣ እኔስ መዞር እችላለሁ?

እህቴ፣ ትችያለሽ። በ2022 የወጣው የቤት ሰራተኞች ህግ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ከነክፍያው፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል፣ ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን አሰሪ እንዲይዝብሽ አይፈቅድም። መታወቂያሽ (ባጣቃሽ) ከእጅሽ አይለይ፣ ሆቴልም የሚጠይቀው እሱን ነው። ለአሰሪዎችሽ መቼ ወጥተሽ መቼ እንደምትመለሺ በመልዕክት ፅፈሽ አስቀምጪ፣ ሳትነግሪያቸው ብትቆዪ ጠፋች ብለው ሊያመለክቱ ይችላሉ፣ ያ ደሞ ብዙ ጣጣ አለው። መብትሽን ከከለከሉሽ የሰራተኛ ሚኒስቴሩ ጋ፣ ወይም ዱባይ ያለው ቆንስላችንና አቡዳቢ ያለው ኤምባሲያችን ጋ ሂጂ።

ያለሽ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ በጠዋት ኢ201 ይዘሽ አል አይን ደኑን አይተሽ ማታ መመለስ ይቻላል፣ ከጓደኞችሽ ጋር ከሆናችሁ ደሞ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተካፍላችሁ ኾር ፋካን ዋሉ። ስትሰሪበት የኖርሽበትን ሀገር ማየት ላንቺም ይገባል።

መኪና ብንከራይስ? ራዳሩ ያስፈራል ይባላል

እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው የሚነዳው በኤምሬትስ መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ጎብኚ ከሆናችሁ አከራዩ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከመክፈላችሁ በፊት የናንተን ፈቃድ ፎቶ ልካችሁ "ይሆናል" የሚል መልስ በፅሁፍ ተቀበሉ። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን ቪዲዮ ቅረፁ። አሸዋ ላይ በኪራይ መኪና እንዳትገቡ፣ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም።

ራዳር ላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው፦ ዱባይ ውስጥ ከተፃፈው ፍጥነት በላይ 20 ኪሎ ሜትር ይታለፋል፣ አቡዳቢ ግን ከ2018 ጀምሮ ያን ይሉኝታ አንስቷል፣ የተፃፈው 120 ከሆነ 121 ላይ ያነሳችኋል፣ አል አይንም በአቡዳቢ ስር ነው። ሳሊክ የሚባለው የዱባይ መንገድ ክፍያ በሩ ላይ ሰው የለም፣ በመኪናው ላይ በተለጠፈው ምልክት በራሱ ይቆረጣል (እንደ ሰዓቱ 4 ወይም 6 ድርሃም) አከራዩም በኋላ ያስከፍላችኋል።

ዝናብ ከመጣ ምን እናድርግ?

ተራራውን ሰርዙ፣ ያለ ክርክር። ድንጋዩ ውሃ ስለማይመጥ ላይ የዘነበው በደቂቃዎች ወደ ሸለቆው (ዋዲ ይሉታል) ይወርዳል፣ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ እንኳን ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ኤፕሪል 2024 የጣለውን ዝናብ ታስታውሳላችሁ፣ ዱባይ ኤርፖርት ራሱ በውሃ የተሞላበት። ጎርፍ ወዳለበት ዋዲ በመኪና መግባት 2,000 ድርሃም ያስቀጣል፣ መኪናውም 60 ቀን ይታሰራል፣ ቆሞ ለማየት መሰብሰብም 1,000 ድርሃም አለው። ዝናብ በያዘ ቀን ሉቭር ወይም ክሪኩ አጠገብ ያሉት ሙዚየሞች ይሻላሉ።

ጫት፣ መድሃኒት፣ ፎቶ፦ ምን ምን ያሳስራል?

ጫት በኤምሬትስ ህግ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ጥቂትም ቢሆን፣ ደርቆም ቢሆን፣ ለሰው ነው ብትሉም ያው ነው፣ እስርና ከሀገር መባረር አለው። ኤርፖርት ላይ "ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ" ተብላችሁ የታሸገ ዕቃ ከተሰጣችሁ ፈታችሁ እያያችሁ ካልሆነ አትቀበሉ፣ ዘመድም ቢሆን። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች ቁጥጥር ይደረግባቸዋል፣ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ከመንግስታቸው ኦንላይን ፈቃድ ያውጣ፣ የሐኪም ወረቀቱንም ይያዝ።

የማታውቁትን ሰው በተለይ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ ወታደራዊና የመንግስት ህንፃም እንደዛው። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትምጡ።

እግረ መንገዳችንን ኦማን ብንገባስ?

ሙሳንደም በጣም ያምራል፣ ግን ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከኤምሬትስ ስትወጡ አለቀ ማለት ነው፣ መልሰው አያስገቧችሁም፣ ሻንጣችሁ ዱባይ እናንተ ድንበር ላይ። የኦማን ቪዛም ለብቻው ቀድሞ መውጣት አለበት፣ የኪራይ መኪናም የኦማን ኢንሹራንስና የአከራዩን የፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል። ወደ ሀታ ስትሄዱም ጂፒኤስ በአል መዳም በኩል ያለውን የድሮ መንገድ ካሳያችሁ አትከተሉት፣ የኦማንን መሬት ስለሚያቋርጥ ኬላ ላይ ይመልሷችኋል፣ በሻርጃ ከልባ መንገድ በኩል ዙሩ።

አንድ ለየት ያለ ቦታ ግን አለ። ፉጀይራና ኾር ፋካን መሃል መድሃ የምትባል በኤምሬትስ የተከበበች የኦማን ቁራሽ መሬት አለች፣ መሃሏ ላይ ደሞ ነህዋ የምትባል የሻርጃ መንደር አለች፣ ኦማን ውስጥ ያለች ኤምሬትስ ማለት ነው። ኬላ የለም፣ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፣ የኦማን ባንዲራ ሲውለበለብ ብቻ ነው መግባታችሁን የምታውቁት። የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ ግን እዛ ውስጥ ላይሰራ ስለሚችል፣ ለመግባት ካሰባችሁ አከራዩን በስልክ ጠይቃችሁ ይሁን፣ ካልፈቀደም ኾር ፋካን ላይ ከራፊሳ ግድብ ሆናችሁ ያንኑ የተራራ ሰንሰለት ታያላችሁ።